ከባሕር ማዶ የተመለሰውን ልጃችንን ምን ብለን ጠየቅነው?

(በሬዲዮ ፕሮግራም ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

 



ዛሬ የማነሳው ስለ ልጆቻችን ነው። በተለይም በዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸው መካከል ለአንድ ሴሚስተር፣ ማለትም ለአራት ወይም ለአምስት ወር፣ ወደ ውጭ አገር ሄደው ተምረው ስለሚመለሱ ወጣቶች እናገራለሁ። «ይህ የከተማ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። እኔ የምኖረው በአዊ ዞን፣ በአዘና ነው። ድንች ከሚታረስበት፣ ቀርከሃ ከሚበቅልበት ደጋ የወጣ የአንድ ጎረቤታችን ልጅ ስዊድን ድረስ ሄዶ ተምሮ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። የደረሰበትንም ከራሱ አንደበት ሰምቻለሁ። ለሌሎች ትምህርት ይሆናል ብሎ ስለፈቀደልኝ ስሙን ትቼ እነግራችኋለሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔም ጥፋት አለብኝ። እርሱንም አልደብቅም።

ለዕውቀት መውጣት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ኢልም ፍለጋ ከቤት መውጣት የአባቶቻችን መንገድ ነው። ደረሶቻችን ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ኪታባቸውን በጉያቸው ይዘው ወሎ ድረስ በእግር ይጓዙ ነበር። ከዚያም አልፎ በካይሮ በታላቁ አል-አዝሀር መስጂድ ከእኛ አካባቢ ለሚሄዱ ተማሪዎች «ሪዋቀል ጀበርቲያ» የሚባል የራሳቸው ማደሪያና መማሪያ ነበራቸው። የግብጽን ታሪክ በመጻፍ የታወቀው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ከዚሁ ወገን ከመጣ ቤተሰብ የተወለደ ነው። አባቱ ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲም በሒሳብና በከዋክብት ዕውቀት የታወቁ ዓሊም ነበሩ።

ልዩነቱ የቀደሙት ለዓመታት የሚሄዱ መሆናቸው ነው። የአሁኖቹ ለአንድ ሴሚስተር ነው። ይህ ዓይነቱ የተማሪ ልውውጥ በዓለም ላይ በሰፊው የታወቀው አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1987 ኢራስመስ የተባለውን ፕሮግራም ከጀመሩ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በ11 አገሮች መካከል የተለዋወጡት 3,244 ተማሪዎች ብቻ ነበሩ። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሩ ለአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎችም ተከፍቷል። ስዊድንም እ.ኤ.አ. በ2000 «ሊኔየስ ፓልሜ» የተባለ የራሷን የመምህራንና የተማሪዎች ልውውጥ ጀምራለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተማሪው የአገሩ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንደሆነ ይቆያል። በሄደበት ክፍያ አይጠየቅም፤ ለመኖሪያው በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ይሰጠዋል። እዚያ የተማራቸው ኮርሶች ሲመለስ እዚህ ይቆጠሩለታል። ለዚህም ከመሄዱ በፊት ተማሪው፣ የላከው ዩኒቨርሲቲና የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ የኮርሶቹን ዝርዝር በጽሑፍ ይፈራረማሉ። ወላጆች፣ ይህ ወረቀት መፈረሙን ሳታረጋግጡ ልጃችሁን አትሸኙ። ያለ እርሱ የተማረው ላይቆጠርለት፣ ጊዜውም ሊባክንበት ይችላል።

ሽኝቱ

የጎረቤታችን ልጅ የሄደው በነሐሴ መጨረሻ ነው። ከመሄዱ በፊት በነበረው ምሽት እናቱ ቡና አፈላች፤ ዘመድ ጎረቤት ተሰበሰበ። እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። «ኡስታዝ፣ ምከረው» አሉኝ። መከርኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። የአሳማ ሥጋ እንዳይበላ፣ መጠጥ ካለበት እንዳይቀመጥ፣ ከሴት ጋር ለብቻው እንዳይሆን፣ ሶላቱን እንዳይተው አስጠነቀቅኩት። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር። ልጁም አንገቱን ደፍቶ «እሺ ኡስታዝ» አለኝ። ዱዓ አድርገን ተለያየን።

አድማጮቼ፣ ልብ በሉልኝ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩትም። «ምን ትፈራለህ?» አላልኩትም። «ቢቸግርህ በዚህ ስልክ ደውልልኝ» አላልኩትም። ለአራት ወር ተኩል ያህልም አንድ ቀን አልደወልኩለትም። ስለ እርሱ አባቱን በገበያ ሳገኘው «ልጁ እንዴት ነው?» እለዋለሁ። «አልሐምዱሊላህ ደህና ነው» ይለኛል። በዚያው እንለያያለን።

ባዕድ አገር

ልጁ የተመለሰው በጥር፣ እንጅባራ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለማክበር ሽር ጉድ በምትልበት ሰሞን ነው። ቤታቸው በሰው ተሞላ። አንዱ «ምን አመጣህልን?» ይላል። ሌላው «በረዶው እንዴት ነው?» ይላል። ሌላው «ለምን እዚያው አልቀረህም?» ብሎ ይቀልዳል። ልጁ ለአባቱ ስልክ፣ ለእናቱ ሻል አምጥቷል፤ ይስቃል፣ ያጫውታል። በሦስተኛው ቀን ግን ከመግሪብ በኋላ ሰው ሁሉ ከመስጂድ ሲወጣ እርሱ ቀረ። «ኡስታዝ፣ የምነግርህ ነገር አለ» አለኝ። ከዚያም እንዲህ ሲል አጫወተኝ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙሳፊር ነኝ ብሎ ሶላቱን ያሳጥርና ያጣምር ነበር። የሚቆየው ለጊዜው ስለሆነ እስኪመለስ ድረስ ይህ የሚፈቀድለት መስሎታል። ይህን ሳላስረዳው የላክሁት እኔ ነኝ። በሻፊዒይ መዝሀብ አንድ ሰው የገባበትንና የሚወጣበትን ቀን ሳይጨምር በአንድ ስፍራ አራት ቀን ለመቆየት ከነየተ፣ በሐነፊይ ደግሞ አሥራ አምስት ቀን ለመቆየት ከነየተ፣ የመንገደኛነቱ ፍርድ ያበቃል። ሴሚስተር ደግሞ ወራት ነው።

ክረምቱ ገባ። በእኛ አገር ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊባል የሚችል ነው። በስቶክሆልም ግን በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላም ትጠልቃለች። ስለዚህ ዙሁር፣ ዐስርና መግሪብ በሦስት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ይገባሉ። ያ ጊዜ ደግሞ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥበት ነው። መምህሩን «አሥር ደቂቃ ፍቀድልኝ» ብሎ ለመጠየቅ አፈረ። ሁሉንም ማታ እየሰበሰበ መስገድ ጀመረ። ከዚያ ድካም መጣ። ከዚያ አንድ ማታ ቀረ፤ ቀጥሎ ሁለት ማታ። በመጨረሻም ለሦስት ሳምንት ያህል ጭራሽ እንዳልሰገደ ነገረኝ። ይህን ሲናገር ወደ እኔ አላየም፤ የመስጂዱን ምንጣፍ ነበር የሚያየው።

«መጠጥ ጠጣህ?» አልኩት። «አልጠጣሁም።» «ሐራም ሥጋ በላህ?» «አልበላሁም፤ እንቁላል፣ ዓሣና ምስር ነበር የምበላው። ከረሜላ ስገዛ እንኳ ጀላቲን እንዳለበት ጽሑፉን አነብ ነበር» አለኝ። ያስጠነቀቅኩትን ሁሉ ጠብቋል! የጣለው ነገር እኔ ያላሰብኩት ብቸኝነት ነው።

«ኡስታዝ፣» አለኝ፣ «እዚህ አገር ክርስቲያን ጓደኞቼ እንኳ ሥጋ ሲቀርብ ‹ይህ የእናንተ አይደለም፤ እንዳትነካ› ብለው ይጠብቁኛል። እዚያ የበላሁትንም ያልበላሁትንም የሚያይ ሰው የለም። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ትሑቶች ናቸው፣ መንገድ ስትጠይቃቸው ያሳዩሃል። ግን ‹ዛሬ አላየንህም፣ የት ነበርክ?› የሚልህ የለም።» አባቶቻችን ከአገሩ የወጣ ሰው ሲጭኑት አህያ፣ ሲለጉሙት ፈረስ ነው ይላሉ። ፈረስ የሚያውቅ የአዊ ሰው ይህን አባባል በደንብ ይረዳዋል።

ታዲያ ማን መለሰው? እኔ አይደለሁም። እናቱ ናት። አንድ ቀን በስልክ ስታነጋግረው እንደ ወትሮው «ደህና ነኝ» አላት። እርሷ ግን ዝም ብላ ቆይታ «ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምትበላው?» አለችው። መልስ አጣ። ወራት ሙሉ ብቻውን ነበር የሚበላው። ማልቀሱን እንዳትሰማ ስልኩን ዘጋ። እርሷ ግን አውቃለች። መልሳ ደወለችና «የመጪው ጁምዓ ዕለት ሙስሊም ፈልግና አብረህ ብላ» አለችው። ስገድ አላለችውም። አብረህ ብላ አለችው።

በጁምዓው ቀን ጠይቆ ጠይቆ መስጂድ አገኘ። ከሶላት በኋላ አንድ የሶማሊያ ተወላጅ የሆኑ አዛውንት ከየት እንደመጣ ጠየቁት፤ ቤታቸው ወስደው ሩዝና ሥጋ አበሉት። ከዚያ ቀን በኋላ ጁምዓ አልቀረበትም። መምህሩንም ለሶላት ፈቃድ ሲጠይቀው «ይህን ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም?» ነበር መልሱ። ያመለጠውን ሶላት እንዴት እንደሚያወጣ ነበር እኔን ሊጠይቀኝ የመጣው። አስረዳሁት። እርሱ ከሄደ በኋላ ግን ለራሴ አዘንኩ።

ሃያ ሌሊት

የተከበራችሁ አድማጮች፣ በዚያ ሌሊት በቡኻሪ የተዘገበው የማሊክ ኢብኑል ሑወይሪስ (ረ.ዐ) ታሪክ ትዝ አለኝ። ማሊክና ጓደኞቹ በዕድሜ ተቀራራቢ የሆኑ ወጣቶች ነበሩ። ለመማር ከአገራቸው ወጥተው ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጡና ሃያ ሌሊት ተቀመጡ። ይህ የእነርሱ አጭር ሴሚስተር ነበር ብንል ያስኬዳል።

ማሊክ ስለዚያ ቆይታ ሲናገር የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) አዛኝና ለስላሳ እንደነበሩ ይመሰክራል። ወጣቶቹ ቤተሰቦቻቸውን እንደናፈቁ እርሳቸው ራሳቸው ተረዱ። እነርሱ አልተናገሩም። ወጣት ናፍቆቱን መናገር ያፍራል። እርሳቸው ግን በቤታቸው ማንን ትተው እንደመጡ ጠየቋቸው። እነርሱም ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ ወደ ቤተሰቦቻቸው እንዲመለሱ፣ የተማሩትን እንዲያስተምሩ፣ እርሳቸው ሲሰግዱ እንዳዩዋቸው እንዲሰግዱ፣ የሶላት ወቅት ሲደርስም አንዳቸው አዛን ብሎ ታላቃቸው እንዲያሰግዳቸው አዘዟቸው።

ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። መጀመሪያ የልባቸውን አወቁ፤ ቀጥሎ ጠየቁ፤ ትዕዛዙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ከትዕዛዙ ጀምሬ በትዕዛዙ ጨረስኩ። ያቺ ኪታብ ያልቀራች የአዘና እናት ግን ሳታውቀው የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሱና ሠራች።

በሙስሊም አገርስ?

«ችግሩ የሄደበት አገር ነው፤ ወደ ሙስሊም አገር ቢሄድ ይህ አይደርስበትም ነበር» የሚል ይኖራል። እኔም እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ከዚሁ ከዞናችን ለአንድ ሴሚስተር ወደ ቱርክ ሄዳ የተመለሰች ተማሪ አለች። አባቷ ለመፍቀድ እጅግ ተቸግረው ነበር። አብዛኞቹ ዑለማዎች ሴት ልጅ ያለ መሕረም ረጅም ጉዞ እንዳትሄድ ይላሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ መንገዱ ሰላም ከሆነና ታማኝ ጓደኞች ካሏት ይፈቅዳሉ። አባትየው ነገሩን ቀለል አድርገው አላለፉትም። እዚያው አገር የሚማረው ታላቅ ወንድሟ ለዕረፍት መጥቶ ስለነበር ሲመለስ ይዟት ሄደ። የምትኖረውም በሴት ተማሪዎች ማደሪያ ሆነ።

ሒጃቧን ማንም ዞር ብሎ አላየባትም። አዛን ከየአቅጣጫው ይሰማል። መስጂድ ስትገባ ግን ግራ ተጋባች። እርሷ በሻፊዒይ ያደገች ናት፤ እዚያ የሚሰገደው በሐነፊይ ነው። ከፋቲሐ በኋላ «አሚን» የሚባለው በዝግታ ነው። ወደ ሩኩዕ ሲወርዱና ሲነሱ እጅ አያነሱም። «መጀመሪያ እነርሱ የተሳሳቱ መሰለኝ፤ ከዚያ እኔ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ኋላ ሁለቱም የታላላቅ ኢማሞች መንገድ መሆኑን ሳውቅ ሃይማኖቴ ሰፋችብኝ» አለችኝ። ይህ ትልቅ ትርፍ ነው። እዚህ ተቀምጦ በአሚን የሚጣላ ሰው ይህን ቢያይ መልካም ነበር።

ረመዳን እዚያው ደረሰባት። በሚናራዎች መካከል በመብራት የተጻፈ ጽሑፍ ይንጠለጠላል፤ ለሰሑር የሚቀሰቅስ ከበሮ መቺ በየሰፈሩ ይዞራል፤ በአደባባይ በተዘረጋ ገበታ ላይ ብዙ ሕዝብ አብሮ ያፈጥራል። «በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ተምሩን አንስቼ አለቀስኩ» አለችኝ። «ለምን?» አልኳት። «ሹርባ የምታቀብለኝ ታናሽ እኅቴ አጠገቤ አልነበረችም» አለች። እንግዲህ ናፍቆት በሙስሊም አገርም አለ። እርሷን ያጸናት ወንድሟ በየሳምንቱ መጥቶ መጠየቁ ነው።

የመርከቧ ሰዎች

ስለ መመለስ አንድ ታሪክ ልጨምር። ይህ ታሪክ የራሳችን አገር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ615 የተጀመረውን የሐበሻ ሒጅራ ሁላችንም እናውቃለን። ፍትሐዊው ንጉሥ ነጃሺ ስደተኞቹን ለመክሰስ የመጡትን ሰዎች ሰምቶ አልፈረደባቸውም። ራሳቸውን ጠርቶ ጠየቃቸው፤ ጀዕፈርም (ረ.ዐ) ሲናገር አዳመጠ። የአገራችን ስም በኢስላም ታሪክ የከበረው አንድ ንጉሥ እንግዳን ጠይቆ ስላዳመጠ ነው።

ከዓመታት በኋላ እነዚያ ሰዎች በመርከብ ተመለሱ። ከእነርሱ አንዷ የጀዕፈር ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ነበረች። አንድ ቀን በሐፍሷ (ረ.ዐ) ቤት ሳለች ዑመር (ረ.ዐ) ገቡና በሒጅራ እኛ ቀድመናችኋል፤ ስለዚህ ለመልዕክተኛው የምንቀርበው እኛ ነን የሚል ቃል ተናገሯት። አስማእ ተቆጣች። እናንተ የራባችሁን ከሚያበሉ፣ ያላወቃችሁትን ከሚያስተምሩ ነቢይ ጋር ነበራችሁ፤ እኛ ግን ከዘመድ ርቀን በባዕድ ምድር በፍርሃትና በችግር ነበርን ስትል መለሰች። ለነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እስክትነግር ምግብም መጠጥም እንደማትቀምስ ማለች።

ልብ በሉ፣ በነጃሺ ጥላ ሥር የኖረች ሴት ናት ይህን የተናገረችው። አስተናጋጁ ጻድቅ ቢሆንም ባዕድነት ባዕድነት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዳመጧት። ለእነ ዑመር አንድ ሒጅራ፣ ለእናንተ ለመርከቧ ሰዎች ግን ሁለት ሒጅራ አላችሁ ብለው አበሰሯት። የመርከቧ ጓደኞቿ ይህን ቃል ከእርሷ ለመስማት በቡድን በቡድን እየመጡ ይጠይቋት ነበር። ከዓለም ነገር እንደዚህ ቃል ያስደሰታቸው አልነበረም። የደከሙት ድካም ታውቆላቸዋልና!

የእኛ ልጅ ጉዞ ከሒጅራ ጋር አይተካከልም። ነገር ግን የተመለሰ ሰው የሚፈልገው ያው ነው፤ ያለፈበትን የሚሰማለት ይሻል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ከመሸኘታችሁ በፊት ሐራምና ሐላሉን ንገሩት፤ ያ ግዴታችሁ ነው። ከዚያ በፊት ግን የሚፈራውን ጠይቁት። በሚሄድበት ከተማ የቱ ጋ መስጂድ እንዳለ፣ በዚያ ወር ሶላት በስንት ሰዓት እንደሚገባ አብራችሁ ፈልጉ፤ ዛሬ በስልክ የሚገኝ ነገር ነው። ዕውቀት ያለውን ሰው ስለ ነዋሪና ስለ መንገደኛ ሶላት ጠይቁ።

በሄደ ጊዜ «ደህና ነህ?» ብቻ አትበሉ፤ ለዚህ ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነውና። ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ሲያመው ማን በሩን እንደሚያንኳኳ ጠይቁት።

በተመለሰ ጊዜ ሻንጣውን ከመክፈታችሁ በፊት ልቡን ይክፈትላችሁ። ደክሞ ከሆነ አትደንግጡበት፤ ወድቆ ተነሥቶ ከሆነ ውድቀቱን ሳይሆን መነሣቱን ቁጠሩለት። የተናገረውንም ለጎረቤት አታውሩበት፤ አማና ነው።

እናንተ ተማሪዎችም፣ ነውር መስሏችሁ አትደብቁ። አሥር ደቂቃ የሚፈቅድላችሁ መምህር ሳትጠይቁት አይፈቅድላችሁም። ብቻውን የቀረ ሰው በቀላሉ ይሸነፋል፤ ስለዚህ ጀማዓን በመጀመሪያው ሳምንት ፈልጉ። ስትመለሱም እንደ ማሊክ ጓደኞች ያገኛችሁትን ለወገናችሁ አስተምሩ።

እኔም የራሴን ልናገር። አሁን ከአዘና ወጥቶ የሚሄድ ልጅ ሲኖር ስልኩን እጽፋለሁ፤ በየጁምዓው ማታ እደውላለሁ። የመጀመሪያ ጥያቄዬ ከዚያች እናት የተማርኩት ነው፤ «ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምትበላው?»

አላህ (ሱ.ወ) በሩቅ ያሉ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ዕውቀታቸውን የሚጠቅም፣ መመለሻቸውን የሰላም ያድርግልን። እኛንም የሚጠይቅ አንደበትና የሚያዳምጥ ጆሮ ይስጠን። አሚን።